ቀጣዩ ኳስ ሳይመታ፦ ሙያተኛ ዳኛ በሌለበት የስኑከር ግጥሚያ ግራ ሲገባችሁ

የምኖረው ሼፊልድ ነው። የዓለም ስኑከር ሻምፒዮና በፈረንጆቹ ከ1977 ጀምሮ የሚካሄድበት ክሩሲብል ቲያትር ከቤቴ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ ግን የምጫወተው ከመኪና ጋራዥ በላይ ባለች ትንሽ ክለብ ውስጥ ነው። አራት ጠረጴዛ አላት። ረቡዕ ማታ የሰፈር ሊግ አለን። ዳኛችን ከሁለቱ ቡድኖች ተራው ያልደረሰው ሰው ነው። አንዱ ቆሞ ከለሮቹን (ከቀይና ከነጭ ውጭ ያሉትን ባለቀለም ኳሶች) ወደ ቦታቸው ይመልሳል፣ ነጥብ ይጠራል። ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሁሉም ከሥራ የመጣ ነው፣ ሁሉም ደክሞታል። እንደ ቴሌቪዥኑ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ዳኛ የለም።

በመጀመሪያው ዓመቴ የደረሰብኝን ላውራችሁ። ተጋጣሚዬ ጡረታ የወጣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እጅግ ጨዋ ሰው ነው። ቀይ ሊመታ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ የሹራቡ እጅጌ ሮዟን ነካት። የምስር ክክ ታህል ብትንቀሳቀስ ነው። እሱ አላየም። ዳኛ ሆኖ የቆመው የቡድን ጓደኛዬም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ነበር። እኔ አየሁ። ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እኔ ደግሞ አዲስ ነኝ፣ ለአንዲት ንክኪ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ አልኩ። ሰውየው ኳሱን ሳቱት። ተነስቼ የራሴን መታሁ። ከዚያ በኋላ ነው ጠጋ ብዬ ለጓደኛዬ የነገርኩት። «አሁንማ አለቀ» አለኝ። ፍሬሙን፣ ማለትም ያንን ዙር ጨዋታ፣ በ3 ነጥብ ተሸነፍኩ። የሮዝ ፋውል (ጥፋት) ለተጋጣሚ 6 ነጥብ ነው።

ሰውየው ነገሩን ሲሰሙ ከኔ በላይ ከፋቸው። «ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ ደጋግመው። ያኔ ነው የገባኝ። እዚህ ፋውል መጠየቅ ሰውን መክሰስ አይደለም። ዝም ማለት ነው ሰውን ያላሸነፈውን ፍሬም የሚያስታቅፈው።

ሕጉ አጭር ነው። ፋውሉን ዳኛው ካልጠራው፣ ተጋጣሚም ቀጣዩ ኳስ ሳይመታ ካልጠየቀ፣ ምሕረት እንደተደረገለት ይቆጠራል። ስለዚህ ግራ የሚያጋባ ነገር ስታዩ መጀመሪያ ጨዋታውን አስቁሙ። «አንድ ጊዜ» በሉ። ኳስ አትንኩ። ያያችሁትን ተናገሩ፣ ከዚያ ተነጋገሩ። ክርክሩ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ ኳሶቹ የትም አይሄዱም። አንዴ ነጯ (በዱላ የምትመታው ኳስ) ከተመታች ግን ቢከራከሩም ዋጋ የለውም።

ዳኛው ካላየስ? ነገሩን በደንብ ሊያይ በሚችልበት ቦታ የተቀመጠ ተመልካች ካለ መጠየቅ ይችላል። ይሄ ሕጉ ውስጥ ያለ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም። አዲስ አበባ ፑልና ካራምቡላ ስንጫወት ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ሳይጠየቅ ነው የሚፈርደው። እዚህ ተመልካች ካልጠየቁት አይናገርም። ስለዚህ ጠይቁት። ማንም እርግጠኛ ካልሆነ ግን እኛ ክለብ ፋውል የለም ብለን እንቀጥላለን።

ስንት ነጥብ ነው?

ትንሹ ፋውል 4 ነው። መመታት ያለበት ኳስ፣ ወይም ጥፋቱ ውስጥ የገባው ኳስ ዋጋ ከ4 ከበለጠ እሱ ይወሰዳል። ቀይ መምታት ሲገባው መጀመሪያ ሰማያዊ ከነካ 5 ነው። ሰማያዊ ብሎ ቢጫ ከነካም 5 ነው። ጥቁር ብሎ ምንም ካልነካ 7። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል።

የማይታወቀው ምን ጊዜም 7 የሚያስከፍሉት ናቸው። አንደኛው በየሳምንቱ የማየው ነው። ሰውየው ቀይ አስገባ። ቀጥሎ የትኛውን ከለር እንደሚመታ ገና አልተናገረም። ጠረጴዛውን እየዞረ ሳለ ሸሚዙ ቢጫዋን ነካት። ቢጫ 2 ናት፣ ስለዚህ 4 ነው ይላሉ። አይደለም፣ 7 ነው። ከለሩን ሳይሰይም ያጠፋ ሰው የትኛውንም ኳስ ሊመርጥ ይችል ስለነበር ትልቁ ዋጋ ይወሰዳል። ቀይ አስገብቶ ቀጥሎ ሌላ ቀይ የመታም 7 ይከፍላል። ወሬ ላይ ሆኖ ማን ምን እንዳስገባ የረሳ ሰው ብዙ ጊዜ ይሄን ያደርጋል። የትኛውን ነው የምትመታው ተብሎ ተጠይቆ ያልመለሰም እንደዚሁ 7 ነው። ከጨዋታ የወጣ ኳስ አንስቶ «እዚህ መሀል ያልፋል ወይ» ብሎ የለካም እንዲሁ። ዳኛው መለካት ይችላል፣ ተጫዋቹ ግን አይችልም።

ከለራችሁን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ጥቁሯ ፊት ለፊት ተጋርጣ ሌላ ምርጫ እንደሌላችሁ ቢታወቅ እንኳ አንድ ቃል መናገር ምንም አይጎዳም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ኳስ በፋውልም ብትገባ፣ ከጠረጴዛ ላይ ዘልላ መሬት ብትወድቅም አትመለስም። ከለሮች ብቻ ናቸው የሚመለሱት። የመጨረሻዋ ቀይ በፋውል ከገባች ቀጣዩ ተጫዋች ቢጫ ላይ ነው፣ የፈለገውን ከለር አይመርጥም።

ፍሪ ቦል

ክለባችን ውስጥ ድምፅ ከፍ ያለበት ማታ ሁሉ ምክንያቱ ፍሪ ቦል ነው ማለት ይቻላል። ተጋጣሚያችሁ በፋውል መንገዳችሁን ሲዘጋ የፈለጋችሁትን ኳስ የመምታት መብት ማለት ነው።

መጀመሪያ፣ ፋውል ከሌለ ፍሪ ቦል የለም። ተጋጣሚያችሁ በጥሩ ምት ነጯን ከሌላ ኳስ ኋላ ቢሸሽግባችሁ የሱ ጉብዝና ነው። ፋውል ሠርቶ ከሸሸጋችሁ ብቻ ነው ጥያቄው የሚነሳው።

ሁለተኛ፣ መሸሸግ ምን ማለት እንደሆነ እንስማማ። «ቀይዋ ትታየኛለች» ማለት በቂ አይደለም። «ግማሿ ተሸፍኗል» ማለትም ብቻውን በቂ አይደለም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ነጯ በቀጥታ ሄዳ የቀይዋን የግራ ዳርም የቀኝ ዳርም ልትነካ ትችላለች ወይ? ሁለቱንም መንካት የምትችል አንዲት ቀይ እንኳ ካለች ፍሪ ቦል የለም። አሥር ቀይ ተሸፍኖ አንዷ ክፍት ከሆነች አልቋል።

እኔ ዳኛ ስሆን ከነጯ ኋላ ጉልበቴን አጥፌ ዓይኔን ወደ ጨርቁ አወርዳለሁ። ነጯ የምትሄድበትን መንገድ በሐሳቤ አሰምራለሁ። መንገዱ ከነጯ ሲነሳ የአንድ ኳስ ስፋት ነው። እየሰፋ ሄዶ ቀይዋ ጋ ሲደርስ የሦስት ኳስ ስፋት ይሆናል፤ ቀይዋ መሀል፣ ከግራና ከቀኟ አንድ አንድ ኳስ የሚያህል ክፍት ቦታ። አንድ ኳስ 52.5 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ስፋት ውስጥ ከለር በትንሹም ቢሆን ከገባ ያቺ ቀይ ተሸፍናለች። ይሄን ከመማሬ በፊት ዝም ብዬ በሩቁ ቆሜ ነበር የምፈርደው። ብዙ ሰው በድያለሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። መመታት ያለበት ቀይ ከሆነ አንዷ ቀይ ሌላዋን ቀይ ብትሸፍን እንደ መሸሸግ አይቆጠርም። የጉድጓዱ አፍ ጠርዝ መንገድ ቢዘጋም አይቆጠርም። የሚቆጠረው መመታት የሌለበት ኳስ ሲጋርድ ብቻ ነው። ነጯ ጉድጓድ ገብታ ከዲው (ጠረጴዛው ላይ ከተሠመረው ግማሽ ክብ) ውስጥ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ፍሪ ቦል የሚሰጠው ከዲው የትም ቦታ ብታስቀምጧት መንገድ ከሌለ ነው።

ፍሪ ቦል ከተሰጣችሁ የፈለጋችሁትን ኳስ በቀይዋ ፋንታ ትሰይማላችሁ። ቡናማ አላችሁ እንበል። ቡናማዋ ለዚህ ምት ብቻ ቀይ ሆነች ማለት ነው። ብታስገቧት 1 ነጥብ እንጂ 4 አይደለም። ቡናማዋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ እናንተም እንደ ተለመደው ከለር ትመርጣላችሁ። በዚያው ምት ቀይም አብራ ከገባች 2 ነጥብ ነው፤ ቡናማዋ ትመለሳለች፣ ቀይዋ አትመለስም። ሰይማችሁ ብትስቱም ፋውሉ በቀይ ዋጋ ነው የሚታየው፣ ማለትም 4። ጥቁርን ሰይሞ የሳተ ሰው 7 እንዲከፍል ሲጠየቅ ካያችሁ ተከራከሩለት።

ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። ቡድናችን ውስጥ አንድ የኛ ሰው አሉ። ታክሲ ነጂ ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ፍሪ ቦል አገኙ። አረንጓዴን ሰየሙ፣ በቀስታ ነክተዋት ነጯን ከኋላዋ ሸጎጧት። ተጋጣሚው አንድም ቀይ አይታየውም። ፈገግ ብለው ሲቀመጡ ፋውል ተባሉ። «አንተ ልጅ፣ ኳሷን ነካኋት እኮ! ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። በሰየሙት ፍሪ ቦል ኋላ ተጋጣሚን መሸሸግ አይፈቀድም። የሚፈቀደው ጠረጴዛው ላይ ሮዝና ጥቁር ብቻ ሲቀሩ ነው። ጋሼ አሁን ይሄን ሕግ ለአዲስ ሰው ሁሉ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

ፍሪ ቦል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ማወቅ ከፈለጋችሁ ይሄን ስሙ። የስኑከር ትልቁ ክሊራንስ (በአንድ ተራ ጠረጴዛውን አጽድቶ የሚገኝ ነጥብ) 147 ነው ይባላል። 15ቱም ቀይ ጠረጴዛ ላይ እያሉ ፍሪ ቦል ከተገኘ ግን እንደ አሥራ ስድስተኛ ቀይ ስለሚቆጠር እስከ 155 መድረስ ይቻላል። ስኮትላንዳዊው ጄሚ በርኔት በ2004 በዩኬ ሻምፒዮንሺፕ ማጣሪያ ላይ 148 የሠራው በዚህ መንገድ ነው።

የተጣበቀ ኳስ

ነጯ ሌላ ኳስ ላይ ተጣብቃ ከቆመች ዳኛው ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ካልተናገረ ጠይቁት፣ ሳትመቱ። የተጣበቀችው መመታት ያለባት ኳስ ከሆነች፣ ለምሳሌ ቀይ ላይ ሆናችሁ ቀይ ከነካች፣ እንደመታችኋት ይቆጠራል። ነጯን ከሷ አርቃችሁ ወደፈለጋችሁበት ላኩ። ሌላ ኳስ መንካት አይጠበቅባችሁም። ግን የተጣበቀችው እንዳትነቃነቅ። ከነቃነቃችኋት ፋውል ነው። የተጣበቀችው መመታት የሌለባት ከሆነች ሳታነቃንቋት ርቃችሁ ሄዳችሁ ትክክለኛውን ኳስ መንካት አለባችሁ።

መጣበቃቸውን ለማየት ጎንበስ ብላችሁ ከጎን ተመልከቱ። ከኋላቸው ያለው ብርሃን በመሀላቸው እንደ ፀጉር ቀጥኖ ከታየ አልተጣበቁም። ያኔ ሌላ አደጋ አለ። ኳሶቹ በጣም ተቀራርበው ቀጥታ ከመታችሁ የዱላው ጫፍ ነጯን ሳይለቅ ነጯ ሌላዋን ትገፋለች። ያ ግፊት ነው፣ ፋውል ነው። በጣም ቀጭን አድርጎ ዳሯን መንካት ግን ይፈቀዳል።

ቦታው ተይዟል

ጥቁር አስገባችሁ፣ ቦታዋ ላይ ግን ቀይ ተቀምጣለች። ጥቁሯ ክፍት ከሆኑት ቦታዎች ትልቅ ዋጋ ባለው ላይ ትቀመጣለች። የሮዝ ቦታ ክፍት ከሆነ እዚያ፣ ካልሆነ የሰማያዊ፣ እያለ ይወርዳል። ሁሉም ከተያዘ ወደ ራሷ ቦታ ትመለስና በቦታዋና በላይኛው ጠርዝ (በጥቁሯ በኩል ባለው) መካከል ባለው ቀጥታ መስመር ላይ፣ ለቦታዋ በተቻለ መጠን ቀርባ፣ ሌላ ኳስ ሳትነካ ትቀመጣለች። ለሮዝና ለጥቁር በዚያ በኩል ጭራሽ ቦታ ከጠፋ በመሀለኛው መስመር ላይ ከቦታቸው በታች ይቀመጣሉ። ሁለት ከለር አብሮ የሚመለስ ከሆነና የሁለቱም ቦታ ከተያዘ ትልቁ ቀድሞ ይቀመጣል።

ጓደኛችሁ ከለሩን በስህተት ሌላ ቦታ አስቀምጦ ሳታስተውሉ መታችሁ እንበል። አልቋል። ያ ቦታ ትክክለኛ ቦታዋ እንደሆነ ተቆጥሮ ጨዋታው ይቀጥላል። ቡናማና አረንጓዴ ተቀያይረው ግማሽ ፍሬም ሲሄዱ አይቻለሁ። ጨርሶ ሳትመለስ የተረሳች ከለር ከሆነች ግን በታወቀ ጊዜ ትመለሳለች፣ የማንም ጥፋት አይሆንም። ዳኛው እያስቀመጠ ሳይጨርስ ቸኩሎ የመታ ተጫዋች ግን ፋውል አለበት።

በራሷ የወደቀች ኳስ

ታች ያለው ጋራዥ የጭነት መኪና ሲያስነሳ ወለላችን ይንቀጠቀጣል። አንድ ረቡዕ ጉድጓድ አፍ ላይ ተንጠልጥላ የቆመች ቀይ ማንም ሳይነካት ዘው ብላ ገባች። ሁላችንም ተያየን።

ማንም እየመታ ካልነበረ ኳሷ ወደነበረችበት ትመለሳለች። ከዚያ በፊት የተገኘ ነጥብ ሁሉ ይጸናል። ነጯ ወይም ሌላ ኳስ ወደሷ እየሄደ ሊመታት ሲል በራሷ ከወደቀችና ሌላ ጥፋት ከሌለ ሁሉም ኳሶች ወደ ቦታቸው ተመልሰው ያው ተጫዋች እንደገና ይመታል። ሌላ ምት መምረጥም ይችላል። በዚያው ምት ፋውል ከነበረ ቅጣቱ ይከፈላል፣ ኳሶቹ ይመለሳሉ። ሦስተኛው ከሁለቱ ይለያል። መታችሁ፣ ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ደርሳ ለአፍታ ወለም ዘለም አለችና ገባች። ያ የእናንተ ነው፣ ነጥቡ ይያዛል።

ኳስ በውጪ ሰው ከተነካችም ተመሳሳይ ነው። በጠባብ ክፍል ካፖርቱን ሲለብስ ጠረጴዛው ላይ የሚያወዛውዝ ሰው አይጠፋም። ዳኛው ኳሷን ወደነበረችበት ይመልሳል፣ ማንም አይቀጣም። ልትመቱ ስትሉ ክርናችሁን ሰው ገፍቷችሁ ነጯን ብትነኩም ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የገፋችሁ በጥንድ ጨዋታ የራሳችሁ ጓደኛ ከሆነ ግን አይሰራም።

ነጯን ዲው ውስጥ በዱላው ጫፍ እያስተካከላችሁ መንካት ፋውል አይደለም፣ ለመምታት እየሞከራችሁ እስካልነበረ ድረስ። በዚህ ሰበብ ጎረምሳ አዲስ ተጫዋችን ሲያስደነግጡ አይቼ አዝኛለሁ።

ሚስ

በቴሌቪዥን አንድ ተጫዋች ሲስት ኳሶቹ እየተመለሱ ደጋግሞ ሲመታ ታያላችሁ። ያ የሚስ ሕግ ነው፤ ለመንካት በቂ ጥረት አላደረገም ሲባል የሚፈረድ። በሰፈር ግጥሚያ ይሄ ሕግ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ሦስት ጠርዝ አስመትቶ መውጣት ለኔ ለአማተሩ ከባድ ነው። ለባለሙያው የተሠራውን ሚዛን ለኔ ከተጠቀማችሁ ፍሬሙ ከዚያ አይነሳም። ሕጉም ጥረቱን በተጫዋቹ አቅም ነው የሚመዝነው። የኳሶቹን ቦታ በትክክል የሚያስታውስ ካሜራም የለንም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፍሬም በፊት ጠይቁ፦ ሚስ አለ ወይስ የለም? አለ ከተባለ ሁለት ነገር ያዙ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ለማሸነፍ ስኑከር የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ከሆነ (የቀሩት ኳሶች ነጥብ ስለማይበቃው የተጋጣሚውን ፋውል የሚጠብቅ ከሆነ)፣ ሆን ተብሎ ካልሆነ በስተቀር ሚስ አይጠራም። ቀጥታ ሙሉ ኳስ እየታየው በተከታታይ ሁለት ጊዜ የሳተ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ሦስተኛ ከሳተ ፍሬሙን ያጣል። ማስጠንቀቂያውን ካልሰጣችሁት ፍሬሙን ልትወስዱበት አትችሉም።

ሁለቱም ኳሶቹን መነካካት ፈርተው ነጯን ወዲህ ወዲያ ብቻ ሲያመላልሱ ከዋሉ ዳኛው እንደገና ደርድሩ ማለት ይችላል። አንዱ ካልፈለገ ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ምት ይጨመርላቸዋል። ካልተለወጠ ነጥቡ ይሰረዝና ያው የከፈተው ሰው እንደገና ይከፍታል። ሰዓቱ አምስት ሲሆን የኛ ክለብ መብራት ስለሚጠፋ ይሄን ቶሎ ነው የምንወስነው።

እኩል ሲወጡ

ጥቁሯ ገብታ ነጥቡ እኩል ከሆነ ፍሬሙ አላለቀም። ጥቁሯ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ ነጯ ዲው ውስጥ ትቀመጣለች፣ ሳንቲም ይጣላል። በሃንዲካፕ (ለደካማው ተጫዋች አስቀድሞ በሚሰጥ ነጥብ) የምትጫወቱ ከሆነ ሃንዲካፑ ከተደመረ በኋላ ያለው ነው የሚታየው። ብዙ ሰው በ1985 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ዴኒስ ቴይለር ስቲቭ ዴቪስን 18 ለ 17 ያሸነፈባት ጥቁር እንዲህ የተመለሰች ይመስለዋል። አይደለችም። ቴይለር 59 ለ 62 እየተመራ የቀረችው ተራ የመጨረሻዋ ጥቁር ናት። በቢቢሲ 18.5 ሚሊዮን ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቁጭ ብሎ ያያት እሷን ነው።

ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ያሸነፈው ማን እንደሚጀምር ይመርጣል። መጀመሪያ መምታት ግዴታው አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ነጥብ ወይም የመጀመሪያው ፋውል ፍሬሙን ይዘጋል። ነጯ ጥቁሯን ነክታ ጉድጓድ ከገባች አልቋል፣ እንደገና መሞከር የለም። ጀማሪ ከሆናችሁ ጥቁሯን ለማስገባት አትሞክሩ። ከጎኗ ምቷት፤ እሷ በጎን ጠርዝ ዞራ ወደ ታች ትውረድ፣ ነጯ ደግሞ ላይኛው ጠርዝ አጠገብ ትቅር። ከመምታታችሁ በፊት እጅጌያችሁን ሰብስቡ።